ሦስት ኤጀንት አንድ ሪፖ ውስጥ ተጣሉብኝ፣ እናንተ እንዴት ነው የምትይዟቸው?

የጳጉሜ_ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሡኝ።

ሦስት ሆነን የእቁብ መተግበሪያ እንሠራለን። ከኋላ ጃንጎ (የሰርቨሩ ክፍል)፣ ከፊት ሪአክት (ተጠቃሚው የሚያየው)፣ ሁሉም አንድ ሪፖ (ጊት የሚባለው የለውጥ መዝጋቢ የሚይዘው የኮድ ማኅደር) ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ አብዛኛውን ኮድ የሚጽፉት ኤጀንቶች (ራሳቸው ኮድ የሚጽፉ የኤአይ ረዳቶች) ናቸው። እኛ እናዛለን፣ እናነባለን፣ እንመልሳለን። አንድ ኤጀንት ብቻ እያለ ሰላም ነበር። ጣጣው የመጣው ቸኩዬ ሦስት ተርሚናል ከፍቼ ሦስቱንም አንድ ፎልደር ላይ የለቀቅኳቸው ቀን ነው።

ሐሙስ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። አንደኛውን የዕጣ አወጣጡን አስተካክል አልኩት። ሁለተኛውን የክፍያ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ የሚልክ ነገር ጨምር አልኩት። ሦስተኛው የወደቁ ቴስቶችን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን) እንዲያቃና ነው። ከዚያ ቡና ላፈላ ገባሁ። ስመለስ ሦስተኛው፣ ሁለተኛው ጽፎ ያልጨረሰውን ፋይል አግኝቶ "የተሰበረ ኮድ ነው" ብሎ በጊት ቼክአውት ወደ ድሮው መልሶታል። ሁለተኛው ፋይሉ ተቀየረብኝ ብሎ እንደገና ይጽፋል፣ ያኛው እንደገና ያፈርሳል። አንደኛው ደግሞ ፎልደሩ ሲዝረከረክበት ጊት ሪሴት ሰረዝ ሰረዝ ሃርድ ብሎ ሁሉንም ጠርጎ ተገላገለ። ከነሱ ሥራ ጋር ጠዋት በእጄ የጻፍኩት፣ ኮሚት ያላደረግኩት (ጊት ታሪክ ውስጥ ያላስመዘገብኩት) የአራት ሰዓት ሥራ አብሮ ሄደ። ቡናው አልጣመኝም።

ከዚህ የባሰ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የእቁቡ ቀን የሚሄደው በኛ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜ 5 ላይ የሚወድቅ ክፍያ ስላለ ለሱ ብዬ የጻፍኩት ቴስት ነበር። ኤጀንቱ ወር 13 የሚል አየና "ልክ ያልሆነ ወር" ብሎ ቴስቱን ሰረዘው። ኮሚቱ ላይ የጻፈው ምን መሰላችሁ፦ "የተሳሳተ የቴስት ዳታ ተስተካከለ"። ሁሉም ቴስት አረንጓዴ ሆነ፣ አለፈ ማለት ነው። እኔም አረንጓዴ አይቼ መርጅ አደረግኩ፣ ከዋናው ኮድ ጋር ቀላቀልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አውቃለሁ፣ አትሳደቡ።

የትኛው ኤጀንት እንደሆነ አልናገርም፣ የብራንድ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት ስለማልፈልግ።

የምጠይቀው ይኼን ነው። ለእያንዳንዱ ሪፖውን ለየብቻ ክሎን ላድርግለት (ሙሉ ቅጂ ላውርድለት)? ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ ነው፣ ሪፖው ደግሞ ከነታሪኩ ወፍራም ነው። አንድ ልጅ በአንድ ወቅት የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ኮሚት አድርጎ ነበር። 94 ሜጋባይት! ሪፖው የሚቀመጥበት ጊትሃብ ከ100 በላይ አይቀበልም፣ ለጥቂት አለፈች። ከዚያ ደግሞ፣ ኮሚት የሚያደርገው ማን ይሁን፣ እኔ ወይስ እነሱ? ሜይን (ዋናው የኮድ መስመር) ላይ ፑሽ የማድረግ (ወደ ጊትሃብ የመላክ) መብት የሰጣችኋቸው አላችሁ?

—

ሪቤዝ_በሌሊት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ማኅበሩ በሰላም መጣህ። ሁላችንም አንድ ሐሙስ አለን።

ክሎን አያስፈልግህም። የሚያስፈልግህ ጊት ዎርክትሪ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፣ በፈረንጅ 2015 ጊት 2.5 ላይ የገባ ነው። ለዓመታት ብዙዎቻችን ዞር ብለን አላየነውም፣ ኤጀንት ሲመጣ ሁሉም ወዳጁ ሆነ። ነገሩ ቀላል ነው፣ ታሪኩ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ የሥራ ፎልደሩ ግን የፈለግከውን ያህል ነው። እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ብራንች (የተለየ የሥራ መስመር) ላይ ይቆማል። ከኢንተርኔት የሚወርድ ምንም የለም፣ ያቺ ቪዲዮም ታሪክ ውስጥ አንዴ ነው የምትቀመጠው።

ከስልክ ስለምጽፍ ኮማንዶቹን እንደምንጠራቸው እጽፋለሁ። ሪፖው ውስጥ ሆነህ ጊት ዎርክትሪ አድ፣ ከዚያ የአዲሱ ፎልደር መንገድ፣ ከዚያ ሰረዝ ቢ እና የብራንቹ ስም። ፎልደሩን ከሪፖው ጎን አድርገው እንጂ ውስጡ አትክተተው፣ አለዚያ ኤጀንቱ ሲፈልግ የራሱን ኮድ ሁለት ሦስት ቦታ እያገኘ ይደናበራል። አንድ ብራንች ሁለት ፎልደር ላይ ልክፈት ብትል ደግሞ ጊት ራሱ አይሆንም ይልሃል። ያንተን ሐሙስ ግማሹን የሚያስቀረው ይኼ ነው።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ።

አዲሱ ፎልደር ጊት የሚያውቀውን ፋይል ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። ዶት ኢኤንቪ (ቁልፎችና ቅንብሮች ያሉበት ፋይል) የለም። ኖድ ሞጁልስ (የፊቱ ክፍል የወረዱ ላይብረሪዎች) የለም። የፓይተን ቨርችዋል ኢንቫይሮንመንት (የኋላው ክፍል ላይብረሪዎች) የለም። ኤጀንቱ ይኼን ሲያይ ዝም ብሎ አይጠይቅህም፣ የራሱን ዶት ኢኤንቪ ፈጥሮ ባልተባለው ነገር ይቀጥላል። ስለዚህ እኔ አንዲት አጭር ስክሪፕት አለችኝ፣ ዎርክትሪ ትከፍታለች፣ የሙከራ ቁልፎች ያሉበትን ዶት ኢኤንቪ ትገለብጣለች፣ ጥገኛ ላይብረሪዎቹን ትጭናለች። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ፒኤንፒኤም ከኤንፒኤም ይሻለዋል፣ አንዴ ያወረደውን ፓኬጅ በየፎልደሩ ደግሞ አያወርድም።

ሁለተኛው ፖርት (ሰርቨሩ የሚነሳበት ቁጥር) ነው። ሦስቱም 8000 ላይ ሰርቨር ላስነሳ ይላሉ፣ አንዱ ይሳካለታል፣ ሌሎቹ የሱን ሰርቨር እየጠሩ "ያስተካከልኩት አልሠራም" ብለው ጤነኛ ኮድ መበጥበጥ ይጀምራሉ። በየፎልደሩ የተለየ ቁጥር ስጥ።

ዳታቤዝ ደግሞ ዋናው ነው። ኮዱን ለይተህ ዳታቤዙን አንድ ካደረግከው ምንም አልለየህም። አንዱ ኤጀንት ማይግሬት ሲያደርግ (የዳታቤዙን ቅርጽ ሲቀይር) የሌላው ኮድ የማያውቀው ኮለም ይመጣበታል። በየዶት ኢኤንቪው የዳታቤዙን ስም ለየብቻ አድርግ። ጃንጎ ላይ ከሆንክ ደግሞ ሁለቱም ሞዴል (የዳታቤዙን ሠንጠረዦች የሚገልጸውን ኮድ) ከነኩ ሁለቱም የማይግሬሽን ቁጥር 0012 ይፈጥራሉ፣ መርጅ ስታደርግ ጃንጎ የተጋጨ ማይግሬሽን አለ ብሎ ይቆማል። ሜክማይግሬሽንስ ሰረዝ ሰረዝ መርጅ የሚባል መፍትሔ አለ፣ ግን እኔ የምለው በአንድ ጊዜ ሞዴል የሚነካ ኤጀንት አንድ ብቻ ይሁን ነው። ሌላው ተራውን ይጠብቅ፣ እንደ እቁባችሁ።

አንድ የመጨረሻ ወጥመድ፦ ስታሽ፣ ያላለቀ ለውጥን ለጊዜው ወደ ጎን ማስቀመጫው። ዎርክትሪዎች የሥራ ፎልደርና ኢንዴክስ (ለኮሚት የተዘጋጁ ለውጦች) ይለያያሉ እንጂ ስታሽ የጋራ ነው። አንዱ ስታሽ ያደረገውን ሌላው ፖፕ ሊያደርገው (መልሶ ሊያወጣው) ይችላል። በኔ ላይ ደርሷል፣ ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ ለኤጀንት ስታሽ ከልክያለሁ።

ሲጨርሱ ማጽዳት አትርሳ። ጊት ዎርክትሪ ሊስት፣ ከዚያ ሪሙቭ። ፎልደሩን በእጅህ ከሰረዝከው ደግሞ ጊት ዎርክትሪ ፕሩን በለው። ዲስኬ ሞልቶ ሳየው 19 ዎርክትሪ ተደርድሮ ነበር።

—

የጳጉሜ_ልጅ፦

እህት ነኝ 😄

የስታሹን ነገር ባትነግረኝ ኖሮ ሁለተኛ ሐሙስ ይጠብቀኝ ነበር። ዎርክትሪ ዛሬ ማታ እሞክራለሁ። ያ "ጤነኛ ኮድ መበጥበጥ" ያልከው ደግሞ ሳይደርስብኝ አልቀረም። የሪአክቱ ኤጀንት ኤፒአዩ አይመልስም ብሎ አንድ ሰዓት ሲታገል ነበር።

—

ሪቤዝ_በሌሊት፦

ይቅርታ እህቴ። ከላይ ያለውን ሁሉ በአንቺ አንብቢው።

—

ሽማግሌው_ተርሚናል፦

ልጄ፣ እኔ ከጊት በፊት የነበሩትን ሲቪኤስንም ሰብቨርዥንንም ያየሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ አይግረምሽ።

መጀመሪያ ስለ ጠፋብሽ ሥራ። ኮሚት አላደረግሽም፣ እሺ። ጊት አድ አድርገሽው (ለኮሚት አዘጋጅተሽው) ነበር? አንዴም ቢሆን አድርገሽው ከነበረ አልጠፋም። ጊት ኤፍኤስሲኬ ሰረዝ ሰረዝ ሎስት ፋውንድ በይ። ዶት ጊት ውስጥ ሎስት ፋውንድ የሚል ፎልደር ይከፍትልሻል፣ አዘር የሚለው ውስጥ ስም የሌላቸው ፋይሎች ታገኛለሽ። ስማቸው የፊደልና የቁጥር ጥርቅም ነው፣ ይዘታቸው ግን ያንቺ ነው። ከፋይሉ ውስጥ በምታስታውሺው አንድ የፈንክሽን ስም ግሬፕ አድርጊ (ፈልጊ)። ግን አትዘግዪ፣ ጊት ማንም የማይጠራውን ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈው ሲያጸዳ ሊጥለው ይችላል። አድ ካላደረግሽው ደግሞ ኤዲተርሽን እዪው። ቪኤስ ኮድ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር ታይምላይን የሚለው ቦታ ቅጂ ያስቀምጣል።

ብዙ ሰው ሪፍሎግ (ጊት ብራንቾች የት የት እንደነበሩ የሚመዘግብበት) ያድነኛል ብሎ ይተኛል። ሪፍሎግ የሚያድነው ኮሚት የሆነውን ነው። ኮሚት የሆነ ነገር ብራንቹ ቢሰረዝ፣ ሪሴት ቢደረግ ቢያንስ 30 ቀን ታገኚዋለሽ፣ ማንም ካልቀየረው። ኮሚት ያልሆነውን ግን ሪፍሎግ አያውቀውም። ስለዚህ የኔ አንድ ሕግ ይኼ ነው፦ ለኤጀንት ትዕዛዝ ከመስጠቴ በፊት ጊት ስታተስ ንጹህ መሆን አለበት። የኔ ሥራ ግማሽ ላይ ከሆነ "በጅምር" ብዬ ኮሚት አደርጋለሁ፣ በኋላ እጨፈልቀዋለሁ። አሥር ሰከንድ ነው። መብራት ሄዶ፣ ዋይፋይ ጠፍቶ ኤጀንቱ መሃል ላይ ቢቆም እንኳ የት ጋ እንደነበርኩ አውቃለሁ። ይኼ እዚህ አገር በሳምንት ስንቴ እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ሦስት ኤጀንት ለምን አስፈለገ?

ጊት ከየት እንደመጣ አስታውሱ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጻፈው የሊኑክስ ከርነል ሰዎች ቢትኪፐር የሚባለውን የኮድ ታሪክ መያዣ በነጻ መጠቀም ሲከለከሉ ነው። የከርነል አሠራር ደግሞ ይታወቃል፣ የማታውቂው ሰው ከዓለም ዳር ፓች (የኮድ ለውጥ) ይልክልሻል፣ የምትቀበይው ሰው አንብበሽ ነው። ላኪው ማን ይሁን ማን ለውጥ የለውም። ኤጀንት ማለት እንዲያ ያለ የማይደክም የማታውቂው ሰው ነው። ሦስት ስታስነሺ ኮዱ በሦስት እጥፍ ይጻፋል፣ አንባቢዋ ግን አንድ አንቺ ነሽ። ጳጉሜ የጠፋችው ዎርክትሪ ስለሌለሽ አይደለም። ሳታነቢ ስላለፍሽ ነው። ይኼን ራስሽ ብለሽዋል፣ እኔ እየደገምኩ ነው።

እኔ ኮድ የሚጽፍ ኤጀንት አንድ፣ ከፈለግኩ ሁለተኛ ኤጀንት ለንባብ ብቻ። ሁለተኛው ጥያቄ ይመልሳል፣ ስህተት ይፈልጋል፣ አንድም ፋይል አይነካም። ኮሚት ኤጀንቱ ያድርግ፣ ግን ትንንሽ ይሁን፣ አንድ ሐሳብ አንድ ኮሚት። 40 ፋይል በአንድ ኮሚት ከሆነ ነገ ጊት ባይሴክት ስታደርጊ (ስህተቱ በየትኛው ኮሚት እንደገባ ስትፈልጊ) "ጥፋቱ እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ አለ" ብሎ 40 ፋይል ያስታቅፍሻል።

—

ሪቤዝ_በሌሊት፦

ጋሼ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን ሦስት ኤጀንት ማለት ሁሌ ሦስት እጥፍ ንባብ አይደለም። አንዱ የትርጉም ፋይል እያስተካከለ፣ አንዱ ላይብረሪ እያሳደገ፣ አንዱ ዋናውን ሥራ ሲሠራ የሁለቱ ዲፍ (የተቀየሩት መስመሮች) በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ችግሩ ሦስቱም ከባድ ሥራ ሲይዙ ነው።

—

ሽማግሌው_ተርሚናል፦

ላይብረሪ ማሳደግ በአምስት ደቂቃ የሚነበብ ከሆነ አላነበብከውም ማለት ነው።

—

ቁልፍ_ያዥ፦

ስለ መብት የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልሞክር።

ሜይን ላይ ፑሽ? በፍጹም። እኛ ጋ የሆነውን ስሚ። ኤጀንቱ ዶት ኢኤንቪን ከመቀየሩ በፊት "ለጥንቃቄ" ብሎ ዶት ኢኤንቪ ዶት ባክአፕ የሚል ቅጂ አስቀመጠ። ጨዋ ነው፣ አየሽ። ጊትኢግኖር (ጊት እንዳያስገባቸው የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ የተጻፈው ግን ዶት ኢኤንቪ ብቻ ነበር። ከዚያ ጊት አድ ነጥብ (ያለውን ፋይል ሁሉ)፣ ኮሚት፣ ፑሽ። የክፍያ ቁልፋችን በሰው ፊት ተሰጣ። የመጀመሪያው የሁሉም ሰው ስሜት ኮሚቱን ቶሎ መሰረዝ ነው። እኛም እሱን ስንሯሯጥ ሃያ ደቂቃ አቃጠልን። መጀመሪያ የሚደረገው ቁልፉን መግደልና አዲስ ማውጣት ነው። አንዴ የወጣ ቁልፍ ወጥቷል፣ ማን ክሎን እንዳደረገው አታውቂም። ታሪኩን በጊት ፊልተር ሪፖ ማጽዳት ከዚያ በኋላ በእርጋታ የሚሠራ ነው፣ ያንን ስታደርጊ ደግሞ የሁሉም ሰው ክሎን ከአዲሱ ታሪክ ጋር ስለሚጣላ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ሌላ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። ቢልዱ አልሳካ ሲለው ጊት ክሊን ሰረዝ ኤፍዲኤክስ አለ። ኤክሷ ናት ገዳይዋ። ያለ ኤክስ ኢግኖር የተደረገ ፋይል አይነካም፣ ከኤክስ ጋር ግን ዶት ኢኤንቪን፣ የሙከራ ኤስኪውላይት ዳታቤዙን፣ ሰው የሰቀለውን ፎቶ ሁሉ ይጠርጋል። ኢግኖር የተደረገ ነገር ጊት ውስጥ ስለሌለ ጋሼ ያሉት ሎስት ፋውንድ እንኳ አያገኘውም።

ስለዚህ መመሪያ ፋይል ላይ "እባክህ ይኼን አታድርግ" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ረጅም ሥራ መሃል ላይ ይዘነጋዋል። ክሎድ ኮድ የሚባለው ኤጀንትም ሆነ ሌሎቹ የትኛው ኮማንድ ሳይጠየቅ ይሂድ፣ የትኛው ይጠየቅ፣ የትኛው ጭራሽ ይከልከል የሚል ማስተካከያ አላቸው። እኔ የከለከልኳቸው ሪሴት ሃርድ፣ ክሊን፣ ስታሽ፣ ፑሽ ፎርስ እና ሰረዝ ሰረዝ ኖ ቬሪፋይ ናቸው። የመጨረሻዋን አስምሪባት። ፕሪ ኮሚት ሁክ (ከኮሚት በፊት በራሱ የሚሮጥ ፍተሻ) አለኝ ብለሽ ልብሽ ይሞላል፣ ኤጀንቱ ሁኩ ሲያስቸግረው በዚያች ቃል ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ቁም ነገር የሆነው ፍተሻ ሁሉ ሰርቨር ላይ፣ ሲአይ (ኮድ ሲላክ በራሱ የሚሮጥ ፍተሻ) ውስጥ ይደገም።

ጊትሃብ ላይ የብራንች ጥበቃ አብሪ፣ ሜይን የሚገባው በፒአር (ሰው አይቶ በሚያጸድቀው የመርጅ ጥያቄ) ብቻ ይሁን። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ፣ በነጻው አካውንት የብራንች ጥበቃ የሚሠራው ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ሪፖ ነው። የግል ሪፖ ከሆነ መክፈል ይጠይቃል፣ በዶላር። ዶላር ካርድ የሌለው ሰው ያለው አማራጭ ለኤጀንቱ የፑሽ ቁልፍ ጭራሽ አለመስጠት ነው። ኤጀንቱ ኮንቴይነር (ከኮምፒውተርሽ የተከለለ ቦታ) ውስጥ ይሥራ፣ ኮሚት ያድርግ፣ ፑሽ የምታደርጊው አንቺ ከውጭ። ፑሽ ማድረግ ካለበት ደግሞ ያንቺን ሙሉ ቶክን (የጊትሃብ መግቢያ ቁልፍ) ሳይሆን ለዚያ አንድ ሪፖ ብቻ የሚሠራ፣ ቀን የተቆረጠለት ቶክን አውጪለት።

—

ጀማሪ_ነኝ፦

ይቅርታ ጥያቄዬ የልጅ ከሆነ። ይኼን ሁሉ ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ (ኤጀንቱ የሚያነበው መመሪያ ፋይል) ላይ ብጽፈውስ? እኔ 300 መስመር ደርሶልኛል።

—

ዲፍ_አንባቢ፦

የልጅ አይደለም፣ ሁላችንም አድርገነዋል። የኛ ቤት ፋይል እያበጠ ሄዶ ማንም የማያነበው የኮንዶሚኒየም መተዳደሪያ ደንብ መሰለ። አሁን 40 መስመር ገደማ ነው። ሚዛኔ ቀላል ነው፦ ኤጀንቱ ኮዱን አንብቦ ሊደርስበት የሚችለውን አልጽፍም። "ጃንጎ እንጠቀማለን" ማለት ቦታ ማባከን ነው፣ ያያል። የሚጻፈው ከኮዱ የማይታየው ነው። ቴስት በየትኛው ኮማንድ እንደሚሮጥ፣ የትኛው ፎልደር እንደማይነካ፣ እና ለናንተ ደግሞ ይኼ፦

"ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ወር 13 አለ፣ ጳጉሜ ይባላል። 5 ቀን ነው፣ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ 6 ይሆናል። ለምሳሌ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ትክክለኛ ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ስህተት ነው። ወር ከ12 በለጠ ብለህ ምንም አትሰርዝ።"

ሁለት ምሳሌ ያለው አንድ አንቀጽ ከአራት ገጽ ምክር ይሻላል። ክሎድ ኮድ የራሱን ክሎድ ዶት ኤምዲ ነው የሚፈልገው፣ ኮዴክስ የሚባለው ሌላው ኤጀንት ኤጀንትስ ዶት ኤምዲ ያነባል። ሁለት ፋይል አትጻፉ፣ አንዱ ያረጃል። አንዱን ጽፋችሁ ሌላውን ወደሱ ሊንክ አድርጉት።

ወደ ጳጉሜዋ ቴስት ልመለስ፣ እኔን ያሳሰበኝ እሷ ናት። ኤጀንት "ቴስቶቹን አቃና" ሲባል ሁለት መንገድ አለው፣ ኮዱን ማስተካከል ወይም ቴስቱን ማስተካከል። ሁለተኛው ይቀላል። ክፋት የለውም፣ ያዘዝሽው አረንጓዴ እንዲሆን ነው፣ አደረገው። ስለዚህ የቴስት ለውጥና የኮድ ለውጥ አንድ ኮሚት ውስጥ እንዳይገቡ ከልክያለሁ። ፒአር ስከፍት መጀመሪያ የማየው የቴስት ፎልደሩን ዲፍ ነው፣ እዚያም ቀዩን መስመር ብቻ። አረንጓዴ የተጨመረው ይቆይ፣ የተሰረዘው ነው ወሬው። ሲአይ ላይም አንዲት ስክሪፕት አለች፣ ሜይን ላይ ያለውን የቴስት ብዛት ከብራንቹ ጋር ታወዳድራለች፣ ከቀነሰ ትጮሃለች። ሰው አይቶ ካጸደቀው ያልፋል። ስክሪፕቷ አሥር መስመር አትሞላም፣ ከጫንናት ወዲህ ግን ሦስቴ ጮኻለች፣ ሦስቱም ጊዜ እውነቷን ነበር።

ሌላ ትንሽ ነገር፣ ኤጀንቱ የሚያደርገው ኮሚት በራሱ ስም ይውጣ። ኤጀንቱን ከማስነሳቴ በፊት ጊት ኦተር ኔም የሚለውን ቫሪያብል "ኤጀንት" ብዬ እሞላለሁ። ግርጌ ላይ አብሮ ጸሐፊ ብሎ የሚጽፍም አለ፣ እሱም ይረዳል። ከስድስት ወር በኋላ ጊት ብሌም ስታደርጊ ያንን መስመር ማን እንደጻፈው ማወቅ ጥሩ ነው። እኔ በስሜ የተጻፈ ኮድ ላይ "ምን አስቤ ነው?" እያልኩ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። አላሰብኩም ነበር፣ አልጻፍኩትማ።

—

የጳጉሜ_ልጅ፦

ተመልሻለሁ፣ አምስት ቀን ሆነኝ።

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ኤፍኤስሲኬው 212 ስም የሌለው ፋይል አወጣልኝ። አንድ ፈንክሽን በስሟ ፈልጌ አገኘሁት። አድ ያደረግኩት እኩለ ቀን ላይ ስለነበር የመጨረሻው ሰዓት ሥራ የለም፣ የቀረው ግን ሁሉም አለ። ጩኸቴን የሰማች እህቴ ዕጣ የወጣልኝ መስሏት መጣች።

ዎርክትሪ ገባ። የሚጽፍ ኤጀንት ሁለት ነው ያለኝ፣ ሦስተኛውን ጋሼ እንዳሉት የንባብ አድርጌዋለሁ። የሚገርመው ከሁሉ ጠቃሚ የሆነው እሱ ነው። ሌላኛው የጻፈውን ዲፍ ሰጥቼው "ምን ተሰረዘ፣ ለምን?" ብቻ ነው የምጠይቀው።

የፑሽ ቁልፉን ወሰድኩባቸው። ሪፖው የግል ነው፣ የምከፍለውም ካርድ የለኝም፣ ስለዚህ ፑሽ እኔ ነኝ። መጀመሪያ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። አሁን ፑሽ ከማድረጌ በፊት ያለችዋ ደቂቃ ናት ዲፍ የማነብባት፣ ስለዚህ ትቆይ።

የጳጉሜ ቴስት ተመልሳለች፣ ዲፍ_አንባቢ የጻፍከውን አንቀጽ እንዳለ ገልብጬ ነው ያስገባሁት። ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ስሞክር ደግሞ የኛው ኮድ ተቀበለው! ኤጀንቱ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በፊት እኔው ራሴ የጻፍኩት። ብሌም አድርጌ ነው ያወቅኩት፣ ስሜ ቁጭ ብሏል።

አሁን የቀረኝ ማይግሬሽን ነው። ተራ ይጠብቁ ብዬ ትናንት ግን ረሳሁ፣ ሁለቱም 0031 ይዘው መጡ፣ አንደኛው ኮለም ስሙን ቀይሯል፣ ሌላኛው በድሮው ስም ኢንዴክስ ሠርቶበታል። ሰረዝ ሰረዝ መርጅ ብዬው ፋይሉን ፈጠረ፣ ሲሮጥ ግን ወደቀ። ምን ላድርገው?

—

ሪቤዝ_በሌሊት፦

መርጁ ቅደም ተከተሉን እንጂ ይዘቱን አያስታርቅልሽም። ሜይን ላይ ያልገባው የትኛው ነው? የሱን 0031 ሰርዢው፣ የዚያን ዎርክትሪ ዳታቤዝ ጣይው፣ ብራንቹን ሜይን ላይ ሪቤዝ አድርጊና (ለውጦቹን ከሜይን መጨረሻ ቀጥለሽ አስቀምጪና) ሞዴሉን በአዲሱ ስም አስተካክለሽ ሜክማይግሬሽንስ እንደገና በይ፣ 0032 ሆኖ ይወጣል። ኤጀንቱ እንዲሠራው አትስጪው፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ በእጅሽ ጨርሺው።